አንገት የሌላቸው ፎቶዎች

ማክሰኞ፣ 4

ሐኪሙ ጉልበቴን እያገላበጠ «ተቀምጠው አይዋሉ፣ ይንቀሳቀሱ» ስላለኝ ነው የሄድኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም። የማኅበሩ ቢሮ ከፎቶ ቤቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ከብረታ ብረት መሸጫው በላይ ነው። ሁለት ክፍል ብቻ። በአንደኛው ከሰው ነጋዴዎች እጅ ወጥተው የተመለሱ ሴቶች ዘመድ እስኪመጣላቸው ያርፋሉ። በሌላኛው አንድ ስልክ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን የሞላ የጠፉ ልጆች ፎቶ። ፎቶዎቹ የደበዘዙ፣ የተጨማደዱ፣ ሻይ የፈሰሰባቸው ናቸው። ዓይኔ አልችል አለና «እኔ በነጻ አሳምሬ አትምላችኋለሁ» አልኩ።

ኃላፊዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁሉም ሲስተር ይላቸዋል። «አንቺን እግዜር ነው የላከሽ» አሉኝ። እሱ እንዳልላከኝ ለመናገር ፋታ አልሰጡኝም። ከመውጣቴ በፊት ስም ወጥቶልኛል፤ እትዬ ፎቶ።

ሐሙስ፣ 6

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አውቶቡስ መናኸሪያ። ከጋሼ ሹፌር ጋር መደቡኝ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል፤ «ስንቱን ልጅ ሳላውቅ አድርሻለሁ፣ አሁን ደግሞ እያወቅኩ እመልሳለሁ» ይላሉ። ያለ ቀልድ አንድ ደቂቃ መቀመጥ አይችሉም።

ሥራው እንዲህ ነው። ብቻዋን ወይም ከማታውቀው ሰው ጋር የምትጓዝ ልጅ ሲያዩ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ዳቦ ያካፍላሉ። «የት ትሄጃለሽ?» አይባልም፤ ለዚያ መልስ አስጠንተዋታል። የሚጠየቀው «ማን ይቀበልሻል?» ነው። ለዚህ ያስጠናት የለም። ዝም ካለች፣ ወይም የስልክ ቁጥር ብቻ ካወጣች፣ ያን ጊዜ ሲስተርን ይጠራሉ።

ጎበዝ ነሽ አሉኝ። «ልጆቹ አንቺን ያምኑሻል፣ ምን እንዳለሽ እንጃ» አሉ ጋሼ ሹፌር። ያምኑኛል፤ እሱስ እውነት ነው።

ቅዳሜ፣ 8

አንዲት ሽንኩርት ሻጭ መጣች። እጇ እንደ ቅርፊት ደርቋል። ልጇ ከሄደች አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ ድምጿ ከጠፋ አምስት ወር። ሚጢ ነው የምትላት። ፎቶውን ከደረቷ አወጣች፤ ለፓስፖርት የተነሳችው ነው፤ ደላላው አንዱን ለእናትየው ትቶላት ሄዷል።

ፎቶው ጥሩ ነው። ብርሃኑ ከሁለት በኩል እኩል ወድቋል። ባለሙያ ነው ያነሳው።

«ዕድሜዋስ?» አሉ ሲስተር።

«ያኔ አሥራ አራት ነበረች። እዚህ ላይ ትልቅ ትመስላለች አይደል? እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳየው ማናት ብያለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ ትልቅ አድርገው ያትሙልኝ፣ ከሩቅ እንድትታይ» አለችኝ።

አተምኩላት። ፊቷ ጎልቶ እንዲታይ ከአገጯ በታች ቆረጥኩት። ፊት ነው ዋናው።

ሰኞ፣ 10

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

ቤቴ፣ ከመስታወቱ ጎን፣ ምስማር ላይ አንድ ግራጫ ኮት ተሰቅሎ ነበር። ጸሐፊ ሆኜ በምሠራበት ዘመን የገዛሁት፣ ትከሻው ስፖንጅ ያለው። ባለ ቦርሳው የምንለው ደላላ ልጆቹን ሁለት ሦስት እያደረገ ያመጣቸው ነበር። «እትዬ፣ ትንሽ ጠና ብላ ትታይልኝ» ይላል። ታናሽ እህቴ ጸጉራቸውን ወደ ላይ ታስራለች፤ እኔ ኮቱን አለብሳለሁ፣ ከንፈር እቀባለሁ፣ መብራቱን ከጎን አድርጌ ጉንጫቸውን አከሳለሁ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ከወንበሩ ስትነሳ ሃያ ሁለት ሞልቷታል። በሥራዬ እኮራ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ እኮራ ነበር።

ማንንም አልሸጥኩም። ፎቶ ነው ያነሳሁት። ከባለ ቦርሳው ጋር መሥራት ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እሱ ነው ያቆመው ማለትም ይቻላል፤ ከመንገዱ ማዶ ፈጠን ብሎ የሚያነሳ አገኘ።

ባለፈው ወር ለሻይ ቤቱ ባለቤት የልደት ፎቶ ሳደርስ፣ በሩ ላይ ከተለጠፉት የጠፉ ልጆች አንዷ ኮቴን ለብሳለች። በማግስቱ ጉልበቴን ሐኪም ጋ ወሰድኩ።

ግድግዳው ላይ ኮቴን የለበሱት ሦስት ናቸው። ሚጢን ጨምሮ። ሦስቱንም ከአገጭ በታች ቆርጫለሁ።

ማክሰኞ፣ 11

ጋሼ ሹፌር ግድግዳውን እያዩ፦ «እትዬ ፎቶ፣ ሰዎችሽ አንገት የላቸውም እንዴ? ወይስ አንገት ለብቻው ነው የሚታተመው?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ 14

ዛሬ አንዲት ልጅ መለስኩ። እኔ፣ በራሴ አፍ።

መናኸሪያው ጥግ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አዲስ ጫማ፣ ተረከዟን ልጦታል። አጠገቧ ተቀምጬ ፕላስተር ሰጠኋት። ዳቦ ተካፈልን። ስለ ጫማ አወራን፤ ጫማ ሻጮች ሁሉ «እየሰፋ ይሄዳል» ብለው እንደሚያታልሉ። ከዚያ «ማን ይቀበልሻል?» አልኳት። «እንጃ፣ እነሱ ያውቁኛል ተብያለሁ» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ሲስተርን ጠራሁ።

አክስቷ መጥታ ስትወስዳት ሲስተር ትከሻዬን ያዙኝ። ቢሮ ስንመለስ ጋሼ ሹፌር ለክብሬ ሻይ በእጃቸው አፈሉ፤ ስኳር ረስተው ነበር፤ ማንም ሳያማርር ጠጣነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ የእኔ ሰዎች ብዬ አላውቅም ነበር። ዛሬ አልኩ። እያልኩ ሳለ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ የተቀመጥኩ መሆኔ ታወቀኝ። የሚያመሰግኑት ሌላ ሰው ነው። እሷን እኔም ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር።

እሁድ፣ 16

ሽንኩርት ሻጯ ቤቴ ድረስ መጣች። አንድ ፌስታል ሽንኩርት። «ምን አለኝ ብለው ነው እትዬ፣ ለድካምዎ ነው» አለች። ኮቱን ከምስማሩ ካወረድኩት ቆይቻለሁ፤ ግን ዓይኔ ወደዚያው ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ቅርጹ ቀርቷል፣ ከሌላው ቀለም ነጣ ብሎ።

ስትሄድ ቢላ ይዤ ሽንኩርቱ ፊት ተቀመጥኩ። ታናሼ ገብታ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት። ገና አንዱን እንኳ አልላጥኩም ነበር።

ረቡዕ፣ 19

ከቢሮ እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው።

ሽንኩርት ሻጯ ወሬ ልትጠይቅ መጥታ ዋናውን ፎቶ በእጇ ይዛለች። ከተመላሾቹ አንዷ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ፣ በአጠገቧ ስታልፍ ቆመች። ጣቷን ፎቶው ላይ፣ የሚጢ አንገት ላይ አሳረፈች። ከጆሮዋ ሥር እስከ ኮቱ ኮሌታ የሚወርድ የፍል ውሃ ጠባሳ አለ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለች። «አንገቷ የተቃጠለው! አንድ ክፍል ነው የታሰርነው። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ነው የያዟት። በሕይወት አለች።»

እናትየው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ተመላሿ ደግሞ ግድግዳውን አየች፣ የእኔን ትልቅ ኅትመት፣ ከዚያ እንደገና ዋናውን። «ይሄንን በየቀኑ ነው የማየው። ፊቷ እዚያ እንዲህ አይደለም፣ ከስታለች፣ ጸጉሯን ላጭተዋታል። ጠባሳውን ነው የማውቀው» አለች።

አሥራ አንድ ቀን። አሥራ አንድ ቀን በፎቶው ሥር ስታልፍ ስታገድም ከረመች።

ሲስተር «ሁሉንም እንደገና አትሚያቸው፣ ሙሉውን» አሉኝ። ደረጃውን ስወርድ ለጋሼ ሹፌር ሲናገሩ ሰማሁ፤ «ሥራዋን የምታውቅ ሰው እኮ ናት፣ ለምን ቆረጠችው?»

ሐሙስ፣ 20

ሙሉውን አተምኩ። ኮቱን ግን በኮምፒውተር ቀለሙን ቀየርኩት። አንደኛውን ሰማያዊ፣ አንደኛውን ጥቁር፤ የሚጢን ግራጫ ተውኩት። ታናሼ አጠገቤ ሆና «የኮቱን ቁልፍም አጥፊው፣ የሦስቱም አንድ ዓይነት ነው» እያለች አሳየችኝ። ሁለታችንም እንደዚህ ተጠንቅቀን ሠርተን አናውቅም።

ጋሼ ሹፌር ሲያዩት፦ «ጎሽ፣ አንገት በቀለላቸው!»

ቅዳሜ፣ 22

ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የሚያገለግለን ጠበቃ መጣ። ገና ወጣት ነው፣ ግን ነገር ሲያስረዳ ያረጋጋል። ዛሬ አላረጋጋም።

ሲስተር በማግስቱ ለጻፉት ደብዳቤ፣ ሚጢ ካለችበት የውጭ አገር እስር ቤት መልስ ደርሷል። ዓርብ፣ በ28 ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ወረቀቷ ሃያ አራት ዓመት ይላል። በዚያ ዕድሜ ውል አፍርሳ የጠፋች ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ዓመት ይፈረድባታል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መሆኗ ከታመነ ግን ወንጀለኛ መሆኗ ይቀርና የተሸጠች ልጅ ተብላ ወደ ሕፃናት ማቆያ ትዛወራለች፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ አገሯ ትላካለች።

«የልደት ወረቀት?» አለ።

«ጎርፉ ቤታችንን ጠራርጎ ሲወስደው አብሮ ሄደ» አለች እናትየው።

«የትምህርት ቤት መዝገብ?»

እሱንም ደላላው «ለጉዳይ ያስፈልጋል» ብሎ ወስዶታል። ጠበቃው ፎቶውን አነሳና «ችግሩ ይሄ ነው» አለ። «ይሄን ያየ ዳኛ ልጅ ናት ብንለው አያምነንም። ወረቀቱን እውነት የሚያስመስለው ይሄ ፊት ነው።» እናትየው «እሷ እንዲህ አይደለችም እኮ፣ እሷ እንዲህ አይደለችም» ትላለች። ሲስተር እጇን ይዘዋል። እኔ ጠረጴዛ እወለውላለሁ።

ሰኞ፣ 24

አለኝ። ማስረጃው እኔ ጋ አለ።

ሁልጊዜ መብራቱን ለማስተካከል መጀመሪያ አንድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሰውየው እንደመጣ፣ ሳይዘጋጅ። የድሮ ልማዴ ነው። አልሰርዛቸውም፤ ለምን እንደማልሰርዛቸው አላውቅም። ዛሬ ከፈትኩት። ሚጢ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳለች። ጸጉሯ ሁለት ቦታ ተጎንጉኗል፣ አንዱ የክራንቻ ጥርሷ ገና ግማሽ ድረስ ነው የወጣው። ኪሷ ላይ የክፍሏ ምልክት፣ ሰባተኛ። ሥሩ ላይ ቀን አለው። ቀጥሎ ያለው፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተነሳው፣ ኮት የለበሰችው ሴትዮ ናት።

ታናሼ ከኋላዬ ቆማ አየችው። «ደምስሺው» አለች።

«ልጅቷ ዓርብ ትቀርባለች።»

«ፎቶ ማንሳት ወንጀል ነው? ማን ጠየቀሽ? ዝም አይነቅዝም፣ እህት ዓለም።»

«ነቅዟል» አልኳት።

«ያለ መግለጫ ፎቶው ብቻውን አይበቃም፤ ማን አነሳው፣ ኮቱን ማን አለበሳት ይሉሻል። ሁለታችንንም ነው የምታስገቢው። ጸጉሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለችና አለቀሰች። ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። ሁልጊዜ የማስበው የራሴን ነው።

ማክሰኞ፣ 25

ሄጄ ሳልናገር ተመለስኩ። ሲስተር የቢሮውን ቁልፍ ሰጡኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ሰው ነሽ» አሉ። ዛሬን መርጠው።

እንዴት ልናገር? ነገ።

ረቡዕ፣ 26

ተናገርኩ።

ያሰብኩት ንግግር ነበረኝ፤ «ሁኔታው እንዲህ ነበር» ብሎ የሚጀምር። ተውኩት። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ያነሳሁት እኔ ነኝ። ኮቱ የኔ ነው። ሌሎቹም ሁለቱ የለበሱት የኔን ነው፣ ቀለሙን ቀይሬው ነው» አልኩ።

ጋሼ ሹፌር ፎቶዎቹን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ደረጃው ላይ እግራቸው ሲወርድ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ሲስተር «አሥራ አንድ ቀን» አሉ። ሌላ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። «እኔ ለምን ቆረጠችው ብዬ ጠይቄ፣ ደግሞ ምን ነካኝ ብዬ ራሴን ወቅሼ ነበር።» እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። ከዚያ ለጠበቃው ደወሉ።

እናትየው ውስጥ ክፍል ነበረች። ሲስተር ሊነግሯት ሲነሱ «እኔ ልንገራት» አልኩ። ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰችውን ፎቶ አንስታ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ጥርሷን በጣቷ ነካችው።

«እኔ አሥራ አራት ዓመት የለፋሁባትን አንቺ በአንድ ቀን አሳደግሻት» አለችኝ።

አንቺ አለችኝ። እስከ ትናንት እርስዎ ነበርኩ።

መግለጫው ሁለት ገጽ ሞላ። ጠበቃው እየጠየቀ ጻፈ። ደላላው ባዘዘኝ መሠረት ኮቱን እንዳለበስኳት፣ ልጅቷም ፈቅዳ እንደለበሰች፣ ዕድሜዋን እንደማውቅ። የታናሼን ስም አላነሳሁም። «ይሄ ነገ ፖሊስ ጋም ይደርሳል፣ ይገባዎታል?» አለ። ይገባኛል አልኩ። ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ ተላከ።

ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ዓርብ፣ 28

ምንም ወሬ የለም። ማንም አልደወለልኝም፤ ለምን ይደውሉልኛል።

ፎቶ ቤቱን ዘግቼ የድሮዎቹን ፋይሎች አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ከኮት በፊት፣ ከኮት በኋላ። ሠላሳ ስምንት ልጆች ላይ ደርሻለሁ። የማስታውሳቸው ግማሽ አይሞሉም። ይሄ ከሁሉ ይብሳል።

እሁድ፣ 30

ሲስተር መጡ። በር ላይ ቆመው ነው የነገሩኝ። ዳኛው ሁለቱን ፎቶዎች አይቶ ሚጢ ትዛወር ብሏል። ትናንት ወደ ሕፃናት ማቆያው ሄዳለች። ልብስ ሰጥተዋታል፣ እናቷን በስልክ አግኝታለች።

«እግዜር ይመስገን» አልኩ።

«እሱን ተይው» አሉ። «የሌሎቹን ፎቶ ጨረስሽ?» አርባ ሦስት አልኳቸው። ዲስኩን ሰጠኋቸው። «ስም ያላቸውን ስማቸውን ጻፊ። የማታስታውሻቸውን ቁጭ ብለሽ አስታውሺ። እዚህ ሆነሽ ሥሪ፣ ቢሮ አትምጪ። ለሴቶቹ ጥሩ አይደለም።» ከዚያ ዲስኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ «ጋሼ ሹፌር መናኸሪያው ላይ ብቻቸውን ናቸው። ሁለት ልጅ አመለጣቸው» አሉ። ለምን እንደነገሩኝ አላወቅኩም። ከንዴት ይሆናል።

ታናሼ ማታውን አጠገቤ ተቀምጣ ስም ታስታውሰኝ ጀመር። በጸጉራቸው ነው የምታስታውሳቸው። «ይቺ ከርዳዳዋ፣ እናቷ የሞተችባት» ትላለች። መርማሪው ለሐሙስ ጠርቶኛል። «ስሜን ራሴ እናገራለሁ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ 2

ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ሻጯ መጣች። አልገባችም። ከደፉ ላይ ቆማ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ልጄ ላናግራት ብላኝ ነው። እኔ አይደለሁም የመጣሁት» አለች።

ድምጿ ቀጭን ነው። ልጅ ናት። ፎቶ ድምፅ የለውም።

«እትዬ፣ ያስታውሱኛል?»

«አስታውስሻለሁ።»

«ስለፈረሙልኝ አመሰግናለሁ ልልዎት ነው። እዚህ ያለችው ሴትዮ ነገረችኝ፣ ፎቶዬን አንድ ሰው ጠብቆ አቆይቶት ነው አለችኝ።»

አይደለም ልላት ነበር። እሷ ቀጠለች፣ ያለ ምንም ክፋት፣ ልጅ ወሬ እንደሚያወራ፦

«ያን ቀን እናቴ ጋ ልመለስ ብዬዎት ነበር እኮ። ኮቱን አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀምጬው። ሰውዬው ውጪ ስልክ እያወራ ነበር፣ አላየንም። እርስዎ መልሰው አልብሰው መስታወቱ ፊት አቆሙኝና ‹እዪ እስቲ፣ ሴት ሆንሽ እኮ› አሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ነው ዝም ብዬ የተቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።»

ስልኩ ድምፁ ለውጪ ተከፍቶ ነበር። እናትየው ሁሉንም ሰማች።

ደህና ሁኚ የኔ ልጅ አልኳት መሰለኝ። ስልኩን መለስኩ። እናትየው ዘጋችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፣ አልሄደችም።

«ልመለስ ብላሽ ነበር?» አለችኝ።

«ብላኝ ነበር» አልኳት።

መግለጫው ላይ ፈቅዳ ለብሳለች ይላል። እስከ ሐሙስ አልጠብቅም፤ ነገ ጠዋት ጠበቃው ጋ ሄጄ አስተካክለዋለሁ።